ጥዱ ከነአፈሩ

አባቴ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም ነበር? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬ ዛሬም መልስ የለኝም።

ባለፈው ሐምሌ ነፋስ ከማርያም ጥድ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ገነጠለ። የደብሩ ሰዎች "የአባትሽ ዛፍ ነው" ብለው ቁራጩን ላኩልኝ። ቤት ሳስገባው ሽታው እናቴ ዘንድ ቀድሞኝ ደረሰ። ከምድጃው ጥግ ተቀምጣ ነበር፤ አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ቁልቁል ያለችው የእኛ ማርያም በጠላት ጊዜ ተቃጥላ፣ ዛፎቿም ለማገዶ አልቀው ነበር። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ግቢው የተላጨ ራስ መሰለ። አንድ እሑድ አባቴ ከሰንበቴው መሀል ተነሥቶ፣ "የደጄን ጥድ ለማርያም ሰጥቻለሁ፤ እንደቆመ አመጣዋለሁ" አለ። ሰው ሳቀ። ጥዱ የጎጇችንን ጉልላት ያለፈ፣ ግንዱም የጎልማሳ ጭን የሚያህል ነበር።

ቤት ሲመለስ እናቴ፣ "ሰጡት?" አለችው።

"ሰጠሁት።"

ለታቦት የተሰጠ አይመለስም።

ከዚያ ጥድ ሥር ታናሽ እኅቴ ነበረች። አባቴ ለሥራ ቆላ ወርዶ ሳለ ተወልዳ፣ ክርስትና ሳትነሣ ሞተች። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም። እናቴና አንዲት ጎረቤታችን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ከግንዱ አጠገብ አኖሯት፤ አፈሩን ከመለሱት እጆች የእኔም ነበሩበት። አባቴ ሲመጣ "ሞተች" አለችው። የት እንዳለች አልጠየቀም፤ እሷም አልነገረችውም። በቤታችን ስለሞተ ልጅ አይወራም። ዛፉን ለማርያም ከሰጠ በኋላ ደግሞ ወሬው ቢወጣ ካህናቱ ዛፉን አይቀበሉም፤ አስቆፍረው ያወጧት ነበር።

አባቴ እንጨት ጠራቢ ስለነበር የዛፍ ጠባይ ያውቃል። በጥር ጥዱን ዙሪያውን ቆፍሮ ረጃጅሞቹን ሥሮች ቆረጠና ቦዩን በፍግና በለስላሳ አፈር መለሰው፤ እስከ ክረምት ቀጫጭን ሥር እንዲያወጣ ነው። የቆፈረው ክብ ግን ለዚያ ዛፍ እጅግ ሰፊ ነበር። ጎረቤታችን አያ ተገኘ ከአጥሩ ላይ ተደግፈው ይስቁበት ነበር።

"ምነው፣ ዛፉን ነው የሰጠኸው ወይስ ርስትህን?"

"ከለመደው አፈር ጋር ካልሄደ አይጸድቅም" ይላል አባቴ፣ ቀና ሳይል።

ግንቦት ሲያልቅ አፈሩን እንደ እንስራ ክብ አድርጎ ጠረበው። እርጥብ የበሬ ቆዳ አልብሶ በጠፍር ሰፋው፤ ቆዳው በፀሐይ ሲደርቅ ጨምድዶ ያዘው። ከወይራ እንጨት ትልቅ ቃሬዛ አበጀ፤ ከሥሩ የሚሽከረከሩ የባሕር ዛፍ ግንዶችን ላጠ። ሰኔ ገብቶ መንገዱ ሲያዳልጥ ደቦ ጠራ።

ለደቦው እናቴ የባቄላ ንፍሮ ቀቀለች። ጨው አልነበረውም። ወንዶቹ ዝም ብለው ሲቆረጥሙ አያ ተገኘ ብቻ፣ "ዛሬስ ጨውም ስለት ተሰጠ መሰል" አሉ። ማንም አልሳቀም፤ እናቴም የሰማች አትመስልም ነበር።

ዛፉን እየፈነቀሉ ቃሬዛው ላይ አዘንብለው አስተኙት። በሬዎችና ወንዶች ከፊት ይስባሉ፤ አባቴ ከኋላ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ቁልቁለቱን ያዘገያል። እኔ የውኃ ቅል ይዤ እከተላለሁ። ከወንዙ በላይ ቃሬዛው ድንጋይ መታና አንዱ ስፌት ተተረተረ። አፈር ፈሰሰ። ከተቀደደው ቆዳ ውስጥ የነጠላ ጫፍ አየሁ፤ ጭቃ የበላው፣ የጣት ያህል።

ቅሉን በሁለት እጄ ያዝሁ።

አባቴ ገመዱን ለሰዎች ሰጥቶ ተንበረከከ። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ በቀዳዳው ወተፈው። ከዚያ የፈሰሰውን አፈር በእፍኙ እየለቀመ መለሰው፤ ከሣሩ ሥር ያለውን ሳይቀር።

"ተው አንተ፣ በማርያም ግቢ አፈር ሞልቷል!" አሉ አያ ተገኘ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ "ውኃውን አምጪ" አለኝ። እጁን ታጠበና ገመዱን ያዘ።

ማታ ያለ ጋቢ ገባ። እናቴ የት እንዳደረሰው ስትጠይቀው "ጠፋ" አላት። በማግስቱ ከደጃችን ባለው ጉድጓድ ውስጥ ወርዳ አፈሩን በጣቶቿ ስትበረብር አየኋት። ምንም አላገኘችም። ከዚያ ወዲያ ማርያም ደጅ ረግጣ አታውቅም፤ ወንዝ ተሻግራ ሚካኤል ትስማለች። ሰው "ዛፏን ስለወሰዱባት አኩርፋ ነው" ይላል። እኔ ግን፣ አፈሩ መንገድ ላይ መፍሰሱን ከሰው ሰምታ ኖሮ፣ አንዳንድ ጊዜ በዚያ ቁልቁለት ቆማ መሬት መሬቱን ስታይ አግኝቻታለሁ።

ፊደል የቆጠርሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ጎንደር፣ ከትንንሽ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ። ስለዚህ ነው መሰለኝ ያልተረጋገጠ ቃል መጻፍ አይሆንልኝም። "አባቴ አወቀ" እንዳልል፣ አፈሩን ለማንኛውም ዛፍ ቢሆን ይለቅመው ነበር ይሆናል። "አላወቀም" እንዳልል፣ ያ ጋቢ አለ። አባቴም ሳልጠይቀው ሞተ።

ያን የሐምሌ ቀን ቅርንጫፉን ከደጅ አውጥቼ ልጥለው ተነሣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ተመለስሁና ከእናቴ አጠገብ ተቀመጥሁ።

"እማዬ፣ መንገድ ላይ አልቀረችም" አልኋት። "ቆዳው ሲቀደድ የነጠላዋን ጫፍ አይቻለሁ። አባባ በጋቢው ወትፎ አፈሩን አንድ ሳያስቀር መለሰው። ከነጋቢው ተከሉት።"

እንጨቱ ምድጃው ውስጥ ተሰበረ።

"እኔ የፈተልሁትን ጋቢ?"

"እሱን።"

"ጠፋ ነበር ያለኝ።" ጉልበቷን ዳሰሰች። "አውቆ ነው?"

"አላውቅም፣ እማዬ።"

"ዛፉ በየት በኩል ነው የቆመ?"

"ከቤተ ልሔሙ ጎን።"

"ነጠላዬን አቀብይኝ" አለች።

"ዝናብ እኮ ነው።"

"እሰማለሁ" አለች፣ እጇን እንደዘረጋች።