ሚስቴን የካድኩበት ሥዕል

ዓመቱን እንጃ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ መሆኑን፣ ሙቀቱም የሐምሌ እንደነበር ብቻ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት እዚህ አሜሪካ፣ ግራንድ ፕሬሪ በሚባል ከተማ ክሊኒክ ተራዬን ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ እናትና ሕፃን ጉንጭ ለጉንጭ የተጣበቁበት ሥዕል አየሁና ደሜ ፈላ። ነርሷ ለክታኝ «አባባ፣ ግፊትዎ ከፍ ብሏል» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት?

ያኔ ጎልማሳ ነበርኩ፤ ፎርት ዎርዝ የሥዕል ሙዚየም ውስጥ ጥበቃ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው፤ ግን ሰው ቀኑን ሙሉ ፊቱ ከቆመ ሥዕልም ይለመዳል። በዚያ በጋ ኢምፕሬሽኒስት ከሚሏቸው ሠዓሊዎች የአንዲቷ ሴት ሥራዎች መጥተው ነበር። አብዛኛው እናትና ልጅ ነው። ቀርበው ሲያዩት የቀለም ጭረት ብቻ፤ ራቅ ሲሉ ሕፃኑ ገና ከገንዳ የወጣ ይመስላል። ሠዓሊዋ ግን አልወለደችም አሉ። እንዴት አወቀችው እያልኩ እገረም ነበር።

አንድ ቀን የአፓርታማችን ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው፣ ተበላሸ። አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። ባለቤቴ የሺ ከአገር ቤት ከመጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ ልጃችን የአራት ወር ነው። ትንሽ ይቀዝቅዛቸው ብዬ ወደ ሙዚየሙ ይዣቸው ሄድኩ። በሶዋን በኮዳ በጥብጣ ይዛለች። «ሥራ ላይ ግን አታናግሪኝ፤ አይፈቀድም» አልኳት።

የሺ እናትና ሕፃን ጉንጭ ለጉንጭ የተጣበቁበት ሥዕል ፊት ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ የልጁን ግንባር ወደ ፍሬሙ አስጠግታ አሳለመችው። የሥዕሉ ማስጠንቀቂያ ደወል ጮኸ። አለቃዬ ሮጦ መጥቶ ክንዷን ጨምድዶ ያዛት። ልጁ በድንጋጤ አለቀሰ።

«ይቺን ሴት ታውቃታለህ?» አለኝ።

«ኖ» አልኩ።

በቀለም ለተሠራች እናት ዘብ ቆሜ፣ የልጄ እናት ፊቴ ላይ እየተጎተተች ወጣች!

የሚቀጥለውን ክፍል የምትጠብቀው አሮጊት አሜሪካዊት የሺንና ልጁን በፎቶ አሳይቻት ስለነበር ታውቃቸዋለች። መጥታ ደረቴን በመዳፏ ገፋችኝ። «ምን ትቆማለህ? ሂድ! ቦታህን እኔ እይዛለሁ።»

የሺን ደጅ አገኘኋት፤ ጫማዋ በእጇ ነው።

«የሺዬ...»

«የምን የሺዬ? አታውቀኝ!»

«ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ ነው እኮ።»

«ኖ ነው ያልከው። ይቺን ያህል እንግሊዝኛስ አላጣትም።»

«ሥዕሏ ማርያም እኮ አይደለችም።»

«ናት አልኩህ? ልጅ እንዲህ ያቀፈች ማንም ትሁን፣ እሳለማታለሁ!»

ልጁን ተቀብያት፣ እጇን ይዤ ተመለስኩ። «ሚስቴ ናት። ልጄ ነው» አልኩት አለቃዬን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። የደንብ ልብሴን እዚያው አስወለቀኝ። በካናቴራ ወጣሁ።

አለቃዬን ይቅር ካልኩት ቆየሁ። ራሴን ነው ያቃተኝ፤ ያቺ ቃል ትዝ ስትለኝ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ። የሺ «ተወው በቃ፣ እኔ ረስቼዋለሁ» ትለኛለች። አልረሳችውም። ግን አብረን አረጀን። እዚያ ግድግዳ ሥር ደርቄ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ይህም አይኖርም ነበር። ገፍታ ያስወጣችኝ ሴት ሚስ ሉሲል ትባላለች።