አባቴ የሳተበት ቀን

ባለፈው ሰሞን ለደም ምርመራ ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ ነርሷ ክንዴን አልኮል በነካ ጥጥ ስትጠርገው፣ ሽታው ሳላስበው አንኮበር ድረስ ወሰደኝና ፊቴ በእፍረት ጋለ። ልጅቱ መርፌ የፈራሁ መስሏት «አይዞዎት እማማ፣ አያምም» አለችኝ። እኔ ግን በጣሊያን ጊዜ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ይህንኑ የሚሸት ጠርሙስ በነጠላዬ ሸሽጌ ወደ ቤት ያመጣሁበትን ቀን እያሰብኩ ነበር።

አባቴ ወልዴ ግንድ ሰንጣቂ ነበር። ጣሊያኖቹ ኮረብታው ላይ ካምፕ ሲሠሩ ጣውላ የሚሰነጥቅላቸው እሱ ስለነበር፣ ሥራ ሲያበቃ የካምፑ ወጥ ቤት ኮኛክ ይቀዳለትና፣ ወታደሮቹ ከበው እያጨበጨቡ «ወልዴ ቦኖ! ወልዴ ቦኖ!»፣ ጎበዝ ወልዴ፣ እያሉ ያስጨፍሩት ነበር። የሰፈራችን ሰው ግማሹ ልጁ ዱር ገብቶበት፣ ግማሹ ቤቱ ተቃጥሎበት ሳለ፣ አባቴ ለጠላት ወታደር እስክስታ ሲወርድ ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር፤ እናቴም ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሰው የማይበዛበትን መንገድ ትመርጥ ነበር። እኔ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ እኮራበት ነበር። ሞቅ ብሎት ሲመጣ ትከሻው ላይ አውጥቶኝ እየዘፈነ ግቢውን ያዞረኛል፣ ከኪሱም ጋሌጣ የሚሉትን ደረቅ ብስኩት አውጥቶ ይሰጠኛል። እናቴን ሲሰድብና ሲገፈትር ደግሞ ፊቴን ወደ ግድግዳው መልሼ ጋሌጣዬን እቆረጥም ነበር።

በክረምቱ ተስቦ ገባና አባቴም ወደቀ። ያ ፊቱን ሲያዞርበት የነበረው ጎረቤት እየተፈራረቀ በጀርባው አዝሎት፣ ገደሉ ሥር ወዳለው ጠበል ሰባት ቀን ሙሉ አመላለሰው፤ ዳነ። መስከረም ሲጠባ ነፍስ አባታችን ዘንድ ሄዶ ቀኖና ይስጡኝ ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። እናቴ ኋላ እንደነገረችኝ ቄሱ፣ «ስግደት ባዝህ በሳምንት ጨርሰህ ወደ ኮኛክህ ትመለሳለህ። ጀርባህ ግንድ ሲሸከም ኖሯል፣ ከእንግዲህ ሰው ይሸከም። እስከ መቼ ብለህ ግን አትጠይቀኝ» አሉት።

ከኅዳር ጀምሮ፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት ወር፣ አባቴ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ሽባውን፣ ቁስለኛውን፣ ትኩሳት የጣለውን አዝሎ ቁልቁለቱን ይወርድ ነበር። ጠበል የሚገባው በባዶ ሆድ ነውና እሱም እስከ ሰባት ሰዓት እህል አይቀምስም፤ መጠጥ የነካ ሰውማ የጠበሉን ደጅ አይረግጥም። ሲመለስ ቅማል እንዳያጋባብን ደጅ ቆሞ ይታጠባል፣ እናቴ ልብሱን ትቀቅላለች፣ እኔን እንደ ድሮው አያነሳኝም። ዘፈኑም ጋሌጣውም ቀረ። ልጆቹ «የበሽተኛ በቅሎ ልጅ» ይሉኝ ጀመር። በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ውኃ ልቀዳ ስወርድ፣ እግሩ ያበጠ ሰው አዝሎ ላቡ እየተንጠባጠበ አገኘነውና «አስኩ፣ እስቲ መንገድ ልቀቂልኝ ልጄ» አለኝ። ለሰፈሩ አዲስ የሆነችው ጓደኛዬ «አባትሽ ነው እንዴ?» ብትለኝ «አላውቀውም» አልኩ። ሰምቶኛል፤ ቀና ሳይል አለፈ።

ፋሲካ አልፎ አገሩ ሁሉ ጠላውን ሲጠጣ፣ ካምፑ በር ላይ ቆሜ ሳለ ወጥ ቤቱ አየኝና «ወልዴ ቦኖስ?» ብሎ በእጁ ጠየቀኝ፤ ወደ ገደሉ ብጠቁመው ሳቀና ትንሽ የቀረበት የኮኛክ ጠርሙስና ሁለት ጋሌጣ ሰጠኝ። በማግስቱ ረፋድ ላይ አባቴ አንድ በሽተኛ አመላልሶ መጥቶ፣ በራፋችን ላይ ጀርባውን ፀሐይ ሲያስመታ፣ እናቴ ገበያ ሄዳ ስለነበር፣ በጣሳ ቀድቼ አጠገቡ አኖርኩለት። ከጠጣ ወደ ጠበሉ እንደማይወርድ አሳምሬ አውቃለሁ፤ የፈለግሁትም ይህንኑ ነበር። ጣሳውን አየ፣ እኔን አየ፣ «ውሰጂው አስኩ» አለኝ፤ እንደሚለምን ሰው ነበር ድምፁ። አልወሰድኩትም። «ቅመሰው እንጂ አባባ፣ ፋሲካ አይደል?» አልኩት። እጁን ሰዶ አነሳው። ጠርሙሱ ሲያልቅ ትከሻው ላይ አውጥቶኝ እየዘፈነ ግቢውን ዞረ፣ እኔም ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከሠራሁት ሁሉ አብልጬ የማፍረው በዚያ ሳቅ ነው።

ለካ ሰላ ድንጋይ ከሚባለው አገር የመጡ፣ እግራቸው የማይታዘዝላቸው ባልቴት ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው አባቴን ይጠብቁ ኖሯል። ሰባተኛ ቀናቸው ነበር፤ ሱባዔው እንዳይቋረጥባቸው ፈርተው፣ የሚያዝላቸው ሲያጡ፣ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ያንን ድንጋያማ ቁልቁለት ጀመሩት። አንድ ሰው መጥቶ ሲነግረው አባቴ ደርሰው ይሆናል ብሎ በአቋራጩ እየተንገዳገደ ሮጠ፣ እኔም ተከተልኩት። የጠበሉ አገልጋዮች ግን ትንፋሹ ሲሸታቸው «ዛሬስ አይሆንም ወልዴ» ብለው ከደጅ መለሱት። ከአጥሩ ውጭ ተንበርክኮ ሳለ ባልቴቷ ደረሱ፤ መዳፋቸው ተልጦ ደም በደም ሆኗል። ሲያዩት «ደህና ነህ ልጄ? ስትቀርብኝ አንተም ታመምክ ብዬ ሰጋሁ» አሉት። አባቴ እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ።

እናቴ ስትመለስ «ማነው ያመጣው?» ብላ አፋጠጠችው። እኔ ከምሰሶው ኋላ ተደበቅሁ። እሱ ግን «ያነሳው እጄ ነው፤ ሌላ ማንንም አትጠይቂ» አላት። ለቄሱም እንደዚሁ ብሎ ተናዘዘ። በማግስቱ አባቴ «ሙቅ ውኃና ቅቤ ይዘሽ ተከተይኝ» አለኝና፣ እስከ ክረምቱ መግቢያ የባልቴቷን መዳፍ ሳጥብና ስቀባ ከረምኩ፤ ያውም ጓደኞቼ እንዳያዩኝ በነጠላዬ ተሸፋፍኜ። ማገልገል ወድጄ አልገባሁበትም፤ እጄ ለመደው፣ ልቤ ቆይቶ ደረሰበት።

አባቴ እስኪሞት ድረስ ሌላ መጠጥ አልቀመሰም፣ ሸክሙንም አልተወም። ዛሬ ወደ ጠበሉ የሲሚንቶ ደረጃ ተሠርቶለታል፤ ያኔ መንገድ ላይ አላውቀውም ባልኩት ሰው ስም፣ አሁን የወልዴ ልጅ ነኝ እያልኩ በንግሥ ከፊት እቀመጣለሁ። ዓምና በንግሥ ቀን አንድ ካህን መጠጥ ስላስቸገራቸው ወጣቶች ሲያስተምሩ የአባቴን ታሪክ አነሱ፤ «ያን ሁሉ ዓመት ሲሸከም የሳተው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም ቀን ሰይጣን ፈትኖት ነው» አሉ። ሰው ሁሉ በፍቅር ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። እኔም አብሬያቸው ነቀነቅሁ።