የጡንቸኛው ጀግና ይቅርታ

ሰፈሩ «ነጎድጓድ» ብሎ የሚጠራው ሰው ቁመቱ ለወንበር የሚበቃ፣ ድምፁ ግን ለአዳራሽ የሚተርፍ ነበር። ከባሕር ማዶ በሚመጣው ፊልም ሁሉ፣ ያ አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚሰፋ ጡንቸኛ ጀግና ከንፈሩን ባንቀሳቀሰ ቁጥር በአገሬው ቋንቋ የሚናገርለት እርሱ ነው። ጀግናው ጥርሱን ነክሶ እንጂ አፉን ከፍቶ አይናገርምና፣ ነጎድጓድም ጥርስ ነክሶ መናገርን ሙያው አደረገው። ክፋቱ ሙያውን ቤቱ ይዞ መግባቱ ነው፤ «ጨው አቀብሉኝ» ሲል እንኳ በጠላት የተከበበ ይመስላል። ሚስቱ ለመደችው፤ አንዲት ልጁ ግን አልለመደችውም።

የሆነ ሆኖ ጀግናው በስተርጅናው የቤተሰብ ኮሜዲ ሠራ። ሽጉጡን አስቀምጦ ሽርጥ ታጠቀ፤ የወንድሙን ልጅ ሊጠብቅ ገብቶም የስድስት ዓመት ሕፃን መጫወቻ ሆነ። ነጎድጓድ ይህን ባየ ጊዜ የገዛ ጢሙን በአደባባይ የላጩት ያህል ተቆጣ።

«እኔ ለሽርጥ ለባሽ ድምፄን አላውስም» አለ።

የቀረጻው ዳይሬክተር የሚስቱ ታናሽ እህት ናት፤ ለእርሱ ያላት ፍቅር ድመት ለውሃ ካላት አይበልጥም። «ተወዋ ጋሼ» አለችው። «አማችህ ኮሪደር ላይ ተቀምጧል፤ እርሱ ይቀዳዋል። ዛሬ እርሱ ከቀዳ ግን ጀግናው ለዘለዓለሙ የእርሱ ነው። ተመልካች ለአንድ ፊት ሁለት ድምፅ አይቀበልም።»

አማቹ የብስኩት ማስታወቂያ አንባቢ ነበር። ነጎድጓድ «የብስኩት አፍ» የሚል ስም አውጥቶለት፣ ልጄን ለብስኩት አልድርም ብሎ ሠርጓ ላይ ሳይገኝ ቀርቷል። አሁን ለዚህ ሰው ስሙንና ዝናውን ከሚያስረክብ ሽርጡን ራሱ ቢለብስ መረጠ።

የስድስት ዓመቷን ሕፃን የምትናገርላት ደግሞ የገዛ ልጁ ነበረች፤ ሠላሳ ሊሞላት ምንም ያልቀራት፣ ድምፅዋ ግን እንደ ዋሽንት የቀጠነ። ከሠርጓ ወዲህ እንደ ባንክ ጸሐፊ «እርስዎ» ትለዋለች። ሌላው ሁሉ ለየብቻ የሚቀዳ ነው፤ አንዱ ትዕይንት ግን ንግግሩ የተደራረበ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ማይክሮፎን ፊት ማቆም ግድ ሆነ። በትዕይንቱ ጀግናው የሕፃኗን የትምህርት ቤት ቴአትር ሳያይ በመቅረቱ ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቃታል።

«ትንሽ ራቅ ይበሉልኝ፤ ትንፋሽዎ ይቀዳል» አለችው።

«ዕድሜ ልኬን ስተነፍስ ማንም አልከሰሰኝም።»

«የሚደፍር ስላልነበረ ነው።»

የቀረጻው ቀይ መብራት በራ። ልጁ በሕፃኗ ድምፅ፣ «በር በሩን ሳይ ዋልኩ፤ አልመጣህም» አለች። እርሱም «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ።

ዳይሬክተሯ ከመቅረጫ ክፍሉ መስተዋት ማዶ አቋረጠችው። «ጋሼ፣ የሰውየው አፍ እንደ ጋራዥ በር ተከፍቷል፤ ያንተ ድምፅ በቁልፍ ቀዳዳ ይወጣል። ደግሞም ይቅርታ ነው፤ ‹እጅ ወደ ላይ!› በል አላልንህም።»

ደገመው። ሠለሰው። ባሰበት እንጂ አልተሻለም።

«አክስቴ፣ ቃሉን ለውጪላቸው» አለች ልጁ። «‹ነገ ማስቲካ እገዛልሻለሁ› ይበሉ። የሌላቸውን ከየት ያምጡት?»

ስድብ አልነበረም። ባሏ አባቷን «ይቅርታ መጠየቅ አያውቅም» ብሎ ባማ ቁጥር፣ «ትዕቢት አይደለም፣ አፈጣጠሩ ነው፤ ዕውርን ለምን አላየህም አይሉትም» እያለች እንደምትሟገትለት ነጎድጓድ ከሚስቱ ሰምቷል። እንዲህ ያለው ጥብቅና ከስድብ ይልቅ ያንገበግበው ነበር።

ዳይሬክተሯ ወደ ኮሪደሩ አንገቷን አወጣች። «ና እስቲ ግባ» ስትል ተሰማ፤ የብስኩት አፍም ጉሮሮውን እየጠረገ ብቅ አለ።

ያን ጊዜ ነጎድጓድ ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ጨበጠ። «መብራቱን አብሪ» አለ። ስንት ዘመን የተቆለፈ መንጋጋውም ተላቀቀ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ። መምጣት ነበረብኝ። እንደምትጠብቂኝ እያወቅሁ ነው የቀረሁት።»

ድምፁ ከጀግናው ከንፈር ጋር እንደ ጓንትና እጅ ገጠመ። ዳይሬክተሯ መልሳ አየችው፤ እንከን ፈልጋ አጣች።

«ገጥሟል» አለች፣ ቅር እያላት። «ሰውየው ያንተው ነው።»

ነጎድጓድ ደረቱን ነፍቶ፣ አማቹን በዓይኑ ጠርጎ ወደ ልጁ ዞረ። «አየሽ?» አላት።

የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ማንጠልጠያው ላይ በቀስታ ሰቀለች። «አየሁ። እስከ ዛሬ አይችልም እያልኩ ስሟገትልዎ ኖሬአለሁ። ለካ ይችሉበታል።»

ከዚያ ለአክስቷ የቀረውን ሌላ ቀን ለብቻዋ እንደምትቀዳ ነግራ፣ የባሏን ክንድ ይዛ ወጣች።

ነጎድጓድ ወደ በሩ አንድ ቃል ሊወረውር አሰበ፤ ጥርሱ ግን እንደ ልማዱ ተነክሷል።

«ቀጣዩ ሕፃኗን አዝሎ የሚስቅበት ነው» አለች ዳይሬክተሯ ከመስተዋቱ ማዶ። «ሳቅ እንጂ ጋሼ፤ መብራቱ በርቷል።»