ኩርባ ላይ የምትዘል መኪና

ኖርማን ሎክውድ በገዛ እጁ የገጣጠማት መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጨዋ ነበረች። ችግሯ ኩርባ ላይ ነው። ከመንደሩ ወጥቶ በድንጋይ አጥሮች መካከል ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ አስፋልቱ የተሸበሸበ አንድ መታጠፊያ አለ። እዚያ ስትደርስ የኋላ ጎማዎቿ መሬቱን ለቀው ወደ ጎን ይዘላሉ። ባለቤቱ ሞሪን በመጀመሪያው ሽርሽራቸው ከጎኑ ተቀምጣ ይህን ቀመሰችው። ቤት ሲደርሱ ሻርፗን እየፈታች፣

«ቆንጆ መኪና ናት ኖርማን። እኔ ግን ሁለተኛ አልገባባትም» አለችው።

ከዳቦ ጋጋሪነቱ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሁለት የብርድ ወቅት ሙሉ ጋራዡ ውስጥ ተጎንብሶ የሠራት መኪና ናት። ክፍሎቿ በሳጥን ታሽገው መጡ፤ እሱ ብሎን በብሎን አንድ አደረጋቸው። መቀመጫዋ ሁለት ብቻ ነው፤ አንደኛው የሞሪን ነበር። ባዶ መቀመጫ ይዞ እስከ ባሕሩ ዳርቻ መንዳት ምን ደስታ አለው?

ስለዚህ ምክንያቱን መፈለግ ጀመረ። ጋጋሪ ሳለ እርሾውንና ዱቄቱን በአንድ ቀን ቀይሮ አያውቅም፤ የትኛው እንዳበላሸው በምን ይለያል? እዚህም አንድ ነገር ብቻ እየቀየረ ወደ ኩርባው ይወርዳል። የጎማውን ንፋስ ቀነሰ፤ ለውጥ የለም። የጎማውን ንዝረት የሚያበርዱትን ሾኮች አጠነከረ፤ ባሰባት። አላላቸው፤ ትንሽ ተሻላት፤ መዝለሏን ግን አልተወችም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋ በጎማዎቿ እንደቆመች፣ ጎማውን የመኪናዋ አጽም ከሆነው ሻንሲ ጋር ከሚያያይዙት የብረት ክንዶች የአንዱን ብሎን አላላ። «ግው!» የሚል ድምፅ ተሰማና የኋላዋ አንድ ጣት ያህል ዝቅ አለ። ማንም አልነካት፤ በራሷ ነው የወረደችው። ኖርማን መፍቻውን እንደያዘ ብቻውን ሳቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክንዱ ጫፍ ጎሚኒ የሚባል ወፍራም የጎማ ቀለበት አለ፤ በጎሚኒው መሃል ደግሞ የብረት ቱቦ። ብሎኑ ሲጠብቅ ቱቦውን ጨምድዶ ይይዘዋል። ከዚያ ወዲያ ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ ጎሚኒው አብሮ አይዞርም፤ እንደሚጨመቅ ፎጣ ይጠመዘዛል። ትንሽ መጠምዘዝ አይጎዳውም። መኪናዋ ስትሠራ ግን ከፍ ባለ የብረት መደገፊያ ላይ ነበረች፤ ጎማዎቿም ተንጠልጥለው። ኖርማን ብሎኖቹን ያጠበቀው ያኔ ነው። ቤቱ ውስጥ መኪና የሚገጣጥም ሰው በዚህ ይሸወዳል፤ መኪናዋ መሬት የምትረግጠው ካለቀች በኋላ ነውና። መሬት ስትነካ ጎሚኒዎቹ ሁሉ ተጠምዝዘው ቀሩ፤ ማንም ያልጠራው ተጨማሪ ሞላ ሆነው ጎማውን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ያስፈነጥሩታል!

መፍትሔው ብሎኖቹን አላልቶ፣ ሰው እንደተሳፈረባት አድርጎ እንደገና ማጥበቅ ነው። እንዲህ ያለች ቀላል መኪና ሰው ሲገባባት በጣም ዝቅ ትላለች። የመኪና ወዳጆች ማኅበር ጓደኛው ደንካን ሊያግዘው መጣ።

«ሁለት ጆንያ አሸዋ ጫንባትና ተገላገል» አለው።

«አሸዋ እንደ ሰው አይቀመጥም። ሞሪንን እለምናለሁ።»

ሞሪን የሻይ ኩባያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አልገባባትም ብዬሃለሁ።»

«የትም አንሄድም ውዴ። ቁልፉን እንቺ፣ አንቺ ጋ ይሁን።»

ቁልፉን ኪሷ ከተተችና ገባች። ኖርማንም መሪው ጋ ተቀመጠ። መኪናዋ በወፍራም ሳንቃዎች ላይ ቆማ ስለነበር ደንካን በጀርባው ተንፏቆ ከሥር ገባ።

«ይሄ የሚጮኸው ሆዴ ነው ወይስ ሻንሲው?» አለ ከታች።

«ሻንሲው አይጮኽም» አለች ሞሪን። «ባይሆን ቶሎ በል፣ ሻዬ እየቀዘቀዘ ነው።»

«ኧረ አትሳቂ ሞሪን፣ ትነቀንቂያታለሽ!»

«ትነቅንቃት» አለ ኖርማን፤ «ቦታዋን የምትይዘው እንደዚያ ነው። አሁን ዝም... አጥብቅ!»

በማግስቱ በትርፍ ቁልፍ አስነስቷት ብቻውን ወርዶ ኩርባውን ደጋግሞ ሞከረው። መኪናዋ ሽብሽቡን ረግጣ አለፈች። ሲመለስ ሞሪን ትናንት የከተተችውን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው፤ ሻርፗን አስራ ነበር። አብረው ወረዱ፤ ኩርባው ላይ የበሩን ጠርዝ ጨብጣ ጠበቀች። ምንም አልሆነም።

«ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው።»

«እንግዲያው ባሕሩ ጋ ውሰደኝ። ግን ኖርማን፣ መኪናህ ወገቤን እንደ ከበሮ ነው የምትደበድበው።»

አሁን የተያያዘው ይህን ነው። ለስላሳ ሞላ ወገብ አይደበድብም፤ መኪናዋን ግን በጣም ዝቅ ያደርጋታል። ጠንካራው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ኖርማን በመካከላቸው ያለውን እየፈለገ፣ ሞላ በቀየረ ቁጥር ብሎኖቹን ያላላል፤ ሞሪንም ገብታ ትቀመጥለታለች። ዛሬ ጠዋት አዲስ ጥንድ ሞላ ገጥሟል። ደንካን ከመኪናዋ ሥር ተጋድሟል፤ ሞሪን የጋዜጣዋን እንቆቅልሽ ይዛ ጫማዋን እያጠለቀች ነው።