የፀሐይቱ ምርቃት

ፀሐይቱ ሃያ ስድስት ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ከአዲግራት የሚደውለውን በትግርኛ፣ ከደሴ የሚደውለውን በአማርኛ እያስተናገደች መስመር ስታገናኝ ኖራለች። እሷ ጡረታ ስትወጣ ድምጿ አብሯት አልወጣም። ካዛንቺስ ውስጥ ሰርግ ካለ ሙሽሮቹን የምትመርቀው እሷ ናት። ማሳጠር ብሎ ነገር አታውቅም፤ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ትመርቃለች፣ ሰውም በየመሃሉ «አሜን» እያለ በሆዱ ያማታል።

አንድ ልጇ ዮሃና ግን ያንን ምርቃት ለራሷ ሰርግ ስትጠብቀው ነው ያደገችው።

ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፀሐይቱ ካንሰር ተገኘባት፤ ሐኪሙም ሕክምናው ለሰርግ ተብሎ አይዘገይም አለ። ዘመድ ተሰብስቦ እንዳይነገራት ወሰነ። እኛ ዘንድ ሰው የሚሞተው በበሽታው ሳይሆን ስሙን በመስማት ይመስል!

«የደም ማነስ ነው፤ ግሉኮስ ነው የሚሰጥሽ» አለቻት ዮሃና።

እናቷ ዓይን ዓይኗን አየቻትና «እሺ ልጄ» አለች።

ሕክምናው በተጀመረበት ቀን፣ ስታዲየም አካባቢ ባለው ክሊኒክ፣ ነርሷ ፍሬሰላም ዮሃናን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻት።

«ማለቴ፣ ይሄ መድኃኒት አፍ ያቆስላል። አሁን ግን የብርሃን ሕክምና አለን። ቀይ መብራት ነው፤ አያቃጥል፣ አያም። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ አፋቸው ውስጥ ካበራንበት ቁስሉ ይቀልላቸዋል። ግን ሳይቆስል፣ ዛሬውኑ መጀመር አለበት።»

«በቃ ጀምሪያ!»

«ሳልነግራቸው? ለምንድን ነው ሲሉኝ ምን ልበል?»

ዮሃና በበሩ መስተዋት አሻግራ አየች። እናቷ ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቶ አጠገቧ ያለችውን ታማሚ ታስቃለች። ያ ሳቅ እንዳይጠፋ ፈራች።

«ይቅርባት» አለች። «በጨው ውሃ ትጉመጠመጣለች።»

በስምንተኛው ቀን የፀሐይቱ ምላስና ድድ ቆሰለ። ለብ ያለ አጥሚት እንኳ አልወርድ አላት። ዮሃና ወደ ክሊኒኩ ሮጠች፤ ፍሬሰላም ግን «አሁንም እንሞክራለን፣ ለሰርጉ ግን አይደርስም» አለቻት። ዮሃና ራሷን ጠላች።

የሰርጉ ዕለት ቬሎዋን ሰብስባ ተንበረከከችና የእናቷን ጉልበት ሳመች። ፀሐይቱ አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ እንጂ ቃል አልወጣም። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደማ። እጇን የልጇ ራስ ላይ ጫነች። ሁሉም «አሜን» ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር፤ የሚባልበት ግን ጠፋ። በመጨረሻ የዮሃና አጎት ወልደአረጋይ «የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ» ብለው በአንድ አፍታ ጨረሱት። ሰውም «አሜን» አለ፣ የመኪናው ጥሩምባም ጮኸ።

ከበሩ ሳትወጣ እናቷ የታጠፈ ወረቀት እጇ ውስጥ ጨመረችላት። ዮሃና መኪናው ውስጥ አነበበችው።

«ልጄ፣ ካንሰር መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። አጠገቤ የነበረችው ሴት አፏ ውስጥ መብራት ሲያበሩላት ምን እንደሆነ ጠይቄ ነገረችኝ። ለእኔም አብሩልኝ ልል ነበር። ማወቄን ካወቅሽ ሰርግሽ ይበላሻል ብዬ፣ አንቺ እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ። አይዞሽ፣ አፌ ሲድን እመርቅሻለሁ።»

ሰርጉ ባለፈ በዘጠነኛው ቀን፣ አፏ ሳይድን አረፈች።