የውሃ አባት ኢንተርኔት ቤት ሲገቡ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ፣ ለደንበኞች አራት ኮምፒውተር ደርድሬ ኢንተርኔት ቤት የከፈትሁ ጊዜ በከተማው ከእኔ የሚበልጥ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር። ኢንተርኔት ገና በየሰው ኪስ ውስጥ ያልገባበት ዘመን ነው። ኢሜይሉን ሊያይ የመጣ ሁሉ ወንበር ይዞ ገጹ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ ደቂቃ እቆጥራለሁ።

«ለምን እንዲህ ተወደደ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ወዮለት። ብድግ እልና ግድግዳው ላይ የለጠፍሁትን የዓለም ካርታ በእስክሪብቶ እየነካሁ አስረዳዋለሁ። ኢንተርኔቱ ከባሕር ማዶ በባሕር ሥር ገመድ ይመጣል፤ እኛ ባሕር ስለሌለን በጎረቤት አገር በኩል በኪራይ ይገባል፤ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዓባይን ተሻግሮ ማርቆስ። በየመሻገሪያው አንድ ተቀባይ አለ፤ ሁሉም ድርሻውን ያነሣል። «እኔ ጋ ሲደርስ እንግዲህ አስበው» እላለሁ። ሰውየው አዝኖልኝ ይከፍላል።

ውሸት አልነበረም። የምተወው ነገር ግን ነበረኝ። ታች ሆስፒታሉ መንገድ ላይ ያለው ተፎካካሪዬ ስንት እንደሚያስከፍል ሰው ልኬ አስጠይቄ፣ በዚያ ላይ ትንሽ ጨምሬ ነው ዋጋዬን የቆረጥሁት። ደግሞም የሚከፈለኝ በደቂቃ ስለሆነ መስመሩ በተንቀራፈፈ ቁጥር ተጠቃሚው እኔ ነበርሁ። በሦስት ደቂቃ መሄድ የሚችል ደብዳቤ ሠላሳ ደቂቃ ከፈጀ የሠላሳ ደቂቃ ሒሳብ እቀበላለሁ። ይህን ለማንም በካርታ አላስረዳሁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ከሴት ልጃቸው ጋር ገቡ። ከይጁቤ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ልታመለክት ነው፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሰነዶቿን ስካን ሲያስደርጉ ውለው እኔ ጋ ሲደርሱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥኋት። ፎርሙን ሞላች፣ ሰነዶቹን አያያዘች፣ ላከች። ምን ያህል እንደተላከ የምታሳየዋ ሰማያዊ መስመር ቀስ እያለች ተጉዛ ተጉዛ፣ ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት ቆመች። «አልተሳካም» የሚል ጽሑፍ መጣ። እንደገና ሞከረች፤ እዚያው ስትደርስ ቆመ። በአራተኛው ሙከራ ልጅቷ «ስንት ሰዓት ሆነ?» እያለች ትጠይቅ ጀመር። አጠገቧ ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ኧረ ይኼ ነገር ምንድን ነው!» እያለ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይመታል።

«ምን ሆኖ ነው የማይሄድ፣ ልጄ?» አሉኝ አባትየው።

እስክሪብቶዬን ይዤ ወደ ካርታው ሄድሁ። ባሕሩን፣ ኪራዩን፣ ዓባይን አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እኔ ባገሬ የውሃ አባት ነኝ» አሉ። የውሃ አባት ማለት ከወንዝ በተጠለፈ ቦይ ማሳቸውን የሚያጠጡ ገበሬዎች ተራ እንዲያስከብርላቸው፣ የሰረቀውንም እንዲቀጣላቸው የሚመርጡት ሰው ነው። «የታችኛው ማሳ ውሃ አልደረሰኝም ሲለኝ ወንዙን አልከስም። ከማሳው ተነሥቼ ቦዩን ይዤ ሽቅብ እወጣለሁ።»

«እርስዎ ደግሞ! ኢንተርኔት እኮ ውሃ አይደለም አባቴ» ብዬ ሳቅሁ።

ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጎንበስ አሉና ከልጃቸው ኮምፒውተር ጀርባ የሚወጣውን ገመድ ያዙ። ገመዱን በጣታቸው እየተከተሉ፣ «ይቅርታ ልጆቼ» እያሉ በሰው እግር መካከል አልፈው፣ ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙባት ሳጥን ወደተቀመጠችበት ወደ እኔ ባንኮኒ መጡ። እዚያ ቆመው ቆጠሩ።

«ሰው የተቀመጠበት አራት ነው። ከዚች የሚወርደው ገመድ ግን አምስት ነው። ይችኛዋ ወዴት ነው የምትወርድ?»

ተማሪው ዘሎ መጥቶ ከባንኮኒው ሥር ያለውን ጨርቅ ገለጠው። የራሴ ኮምፒውተር ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንድ ረጅም የሕንድ ፊልም እያወረድሁ ነበር፤ ዘጠና አራት በመቶ ደርሷል።

«ምንድን ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ፊልም ነው አባቴ።»

«የሚያስፈልግ ነው?»

«ኧረ… ዘፈን ይበዛበታል።»

«በል ዝጋው።»

«አባቴ፣ ስድስት በመቶ እኮ ነው የቀረው! ሁለት ቀን ሙሉ…»

«ዝጋው አልሁህ!»

ነቀልሁት። አንጀቴ ቁርጥ አለ፤ አልዋሽም። እሳቸው ግን ወደ ሌሎቹ ዞረው፣ «እናንተም ልጆቼ፣ ይችን አሥር ደቂቃ ተራችሁን ስጧት፤ የሷ ማሳ እየደረቀ ነው» አሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። አንዲት የባንክ ሠራተኛና አንድ ዲያቆን ያለ አንዳች ክርክር እጃቸውን ከኪቦርዱ አንሥተው ከተማሪው ጋር ከልጅቷ ኋላ ቆሙ። እኔም ቆምሁ። ሰማያዊዋ መስመር መጣች፣ የምትቆምበት ቦታ ደረሰች፣ አለፈች። ዲያቆኑ አማተበ።

«ደረሰ?»

«ደረሰ፣ አባየ!»

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡና ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እሳቸውም እንደ ልጃቸው ፈርተው እንደነበር አላስተዋልሁም።

ትንሽ ቆይተው ሒሳብ ጠየቁኝ። «ይተዉት አባቴ» አልሁ።

«አይሆንም። ለሄደበት አሥር ደቂቃ እከፍላለሁ። አንተ ለጠለፍኸው ግን አልከፍልም።»

ነገሩ ከንክኖኝ እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኋቸው።

«ካርታውን ስታሳየኝ ፊትህን አይቼ ነዋ» አሉ። «ያ ልጅ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ የኔዋ ልታለቅስ ነው፣ ቤቱ ሁሉ ተማሯል። አንተ ብቻ ደልቶህ ባሕር ታሳየኛለህ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷም ሳቀች፤ ከገባች ጀምሮ ስትስቅ ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነው። ዕድሉን ታግኝ አታግኝ አላወቅሁም፤ ተመልሰው አልመጡም።

ሽማግሌው ከመቀነታቸው የተጠቀለለ ብር ፈትተው የአሥሩን ደቂቃ ዘረጉልኝ፤ በእኔ ዋጋ፣ ከተፎካካሪዬ በላይ ትንሽ በጨመርሁበት ዋጋ። ፊልሙን በኋላ እንደገና አውርጄ አየሁት፤ ያን ቀን የተሳቀብኝንም ረስቼዋለሁ። ያን ብር እጄን ዘርግቼ መቀበሌ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።