ተነስና መልስ

ቀበና ካለው ቤቴ የወሰዱኝ ረፋድ ላይ ነው፣ የተማሪዎቼን የሒሳብ ፈተና እያረምኩ። ያስገቡኝ የእስር ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ሰው ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ቦታ በሩ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ነው።

መርማሪዬ ልጄ የሚሆን ጎረምሳ ነው። በሁለተኛው ቀን በጥፊ አጮለኝ፤ ግራ ጆሮዬ ዛሬም ይጮሃል። ሲጨርስ "አታካብድ፣ በአማካይ ደህና ነው የተያዝከው" አለኝ። በአማካይ! ይህችን ቃል ያዝኩለት።

ሚስቴ በየቀኑ ስንቅ ታመጣለች። መጠየቅ ክልክል ስለነበር ባዶው ምሳ ዕቃ ከተመለሰላት በሕይወት አለሁ ማለት ነው፤ ሌላ ወሬ የላትም። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ምሳ ዕቃው ሳይገባ ቀረ። በማግስቱም እንዲሁ። ረሃቡንስ ቻልኩት፤ እሷ በር ላይ ቆማ ምን ታስብ ይሆን የሚለውን ግን መቻል አቃተኝ።

በሃያኛው ቀን መርማሪው አሥር የመለማመጃ ጥያቄ ያለበት ወረቀት ይዞ ክፍላችን መጣ። ለካ የማታ ተማሪ ነው፤ ካልኩለስ ሁለቴ ወድቋል፣ ፈተናው ደግሞ ነገ ነው።

"ይህን ሥራልኝ፣ ስንቅህ ይገባል።"

ሁሉንም አሳስቼ ልሠራለት አማረኝ። ግን ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩትን ለእሱ ብዬ አላበላሽም።

"አልሠራልህም፤ አስተምርሃለሁ" አልኩት። "መጀመሪያ ምሳ ዕቃዬ ይምጣ። ከዚያ እዚህ መሬት ላይ ቁጭ ትላለህ።"

ተሳድቦ ወጣ። ከሰዓት ምሳ ዕቃው መጣ። በልቼ ባዶውን ለሚስቴ ከመለስኩ በኋላ እሱም ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ።

"ፍሬን የበጠሰ መኪና ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ይወርዳል። የሄደው ሜትር የሰከንዱ ካሬ ነው። ልክ ሦስተኛው ሰከንድ ላይ ፍጥነቱ ስንት ነው? ተነስና መልስ!"

ተነሳ! ሳያስበው፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ተነሳ።

"ዘጠኝ ሜትር ለሦስት ሲካፈል... ሦስት፣ መምህር።"

"እሱ አማካይ ነው። ሰው በአማካይ አይገጭም፤ መኪናው በደረሰበት ቅጽበት ባለው ፍጥነት ነው የሚገጨው። ከሦስት እስከ ሦስት ነጥብ አንድ ሰከንድ ያለውን አስላ።"

"ስድስት ነጥብ አንድ።"

"እስከ ሦስት ነጥብ ዜሮ አንድስ?"

"ስድስት ነጥብ ዜሮ አንድ። ወደ ስድስት እየተጠጋ ነው!"

"ስድስት ነው። የአማካዩ እጥፍ። ጥፊም ለሃያ ቀን ስትካፈል ምንም አትመስልም፤ ያረፈችበት ጆሮ ግን ያቺን ቅጽበት ነው የሚያውቃት።"

ፊቱ ጠቆረ። ተማሪ ከተነሳ መምህሩ "ቁጭ በል" እስኪለው ይቆማል። አላልኩትም። አሥሩንም ጥያቄ ቆሞ ሠራ። እሰይ!

ከተፈታሁ ቆየሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከሚስቴ ጋር እንጦጦ ፓርክ ስንሄድ መርማሪዬን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቆሎ ሲቆረጥም አገኘሁት። ሲያየኝ ብድግ አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ ይሄኛው ወጊም አልረሳም።

"መምህር፣ እንደምን ነዎት? ያን ኮርስ እኮ አለፍኩት" አለኝ።



"ማነው?" አለች ሚስቴ።

"ተማሪዬ ነበር" ብዬ እጇን ይዤ ቁልቁለቱን ጀመርኩ። መታጠፊያው ላይ ዞር ስል እንደቆመ ነው።

ቁጭ በል አላልኩትም።